ከከተማ ወደ ከተማ፤ የባድ ፋውለር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ የእግር ኳስ፣ የመረብ ኳስና የሩጫ ውድድር ይደረጋል እንጂ ቤዝቦል የሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ አይታወቅም። ስለዚህ በዚህ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች ታሪክ ማቅረቤ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኔም የዚህን ሰው ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ስለ ጨዋታው ለማወቅ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከጨዋታው ይልቅ አንድ ጥያቄ በልቤ ቀረ። ይኸውም የአንድ ሰው ሥራው እየተፈለገ እርሱ ራሱ ግን የማይፈለግ ከሆነ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ጆን ጃክሰን፣ በኋላ ባድ ፋውለር ተብሎ የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሻንጣውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ከተማ መሄድ ነበረ። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልግለጽ። ሁለት ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ይገጥማሉ። ከአንደኛው ቡድን ወርዋሪው ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ከሌላው ቡድን አንዱ በተራው ዱላ ይዞ ቆሞ ይመታታል። ገና የተጫወተ ሰው ዱላና ኳስ ሲባል ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ በገና ጥንጉ በመሬት ላይ ሲንከባለል ሲመታ በቤዝቦል ግን ኳሱ ገና በአየር ላይ ሳለ መመታቱ ነው። የመታው ሰው ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። በሜዳው ላይ ቤዝ የሚባሉ አራት ማረፊያዎች በአራት ማዕዘን ስላሉ፣ እነዚህን በተራ እየረገጠ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል። ማረፊያው ሳይደርስ ኳሱን በያዘ ሰው ከተነካ ግን ይወጣል።

ከማረፊያዎቹ ሁለተኛውን የሚጠብቀው ተጫዋች ሥራው እጅግ የከበደ ነው። ኳሱ ከሩቅ ሲወረወርለት ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ መቅለብ አለበት፤ በዚያው ቅጽበት ሯጩ እግሩን አስቀድሞ በመሬት ላይ እየተንሸራተተ ወደ ቅልጥሙ ይመጣበታል። የሯጩ ጫማ ደግሞ እንዳያንሸራትተው ከሥሩ ሹል ብረት አለው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ያለ ጓንት በባዶ እጃቸው ይቀልቡ ነበር። የፋውለር ቦታ ይህ ሁለተኛው ማረፊያ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጆን ጃክሰን ማርች 16 ቀን 1858 በኒው ዮርክ ግዛት ፎርት ፕሌይን በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠጉር አስተካካይ ነበረ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ኩፐርስታውን ወደምትባል ወደ ሌላ ትንሽ ከተማ ተዛወረ፤ ያደገውም፣ ኳስ መጫወት የለመደውም በዚያ ነው። ከአባቱ የተማረው የመቀስና የምላጭ ሥራ ደግሞ ወደፊት ኳሱ እንጀራ ባልሰጠው ጊዜ ሁሉ አኖረው።

ስለዚህች ስለ ኩፐርስታውን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1907 የጨዋታውን አመጣጥ እንዲመረምር የተቋቋመ ኮሚቴ፣ ቤዝቦልን በ1839 በኩፐርስታውን የፈጠረው አብነር ደብልዴይ የተባለ ሰው ነው ብሎ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የታሪክ ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉትም፤ ደብልዴይ በዚያ ዓመት በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረና። ሆኖም ታሪኩ ስለ ተወደደ በ1939 የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር አዳራሽና ቤተ መዘክር በዚያች ከተማ ተከፈተ። ያልተደረገ ነገር እንዲህ ሲከበር፣ በእውነት በመንገዶቿ ላይ ኳስ እየቀለበ ያደገው የጠጉር አስተካካዩ ልጅ በአዳራሹ ውስጥ ስሙ አልነበረም።

ፋውለር በተወለደበት ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች እንደ ከብት ይሸጡ ይለወጡ ነበር። በኒው ዮርክ ግን ባርነት በ1827 ተሽሮ ስለ ነበረ እርሱ በነፃነት ተወለደ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1865፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ተፈጽሞ ባርነት በአገሩ ሁሉ ቀረ። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1867፣ የቤዝቦል ክለቦች ማኅበር በፊላዴልፊያ ተሰብስቦ ጥቁር ተጫዋች ያለበትን ክለብ በአባልነት ላለመቀበል ወሰነ። በ1876 ናሽናል ሊግ የሚባለው ትልቁ የደመወዝተኞች ሊግ ሲቋቋም እንዲህ ያለ ደንብ በወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀው ነበር። ያልተጻፈ ደንብ ከተጻፈው ይልቅ ክፉ ነው፤ ልሟገተው የሚል ሰው የሚያቀርበው ወረቀት አያገኝምና።

የፋውለር ስም በስፖርት ታሪክ ጎልቶ የወጣው አፕሪል 24 ቀን 1878 ነው። በዚያን ቀን በማሳቹሴትስ ግዛት በሊን ከተማ፣ ከየቦታው የተመረጡ ተጫዋቾች ከቦስተን ቡድን ጋራ ለመለማመጃ ገጠሙ። ቦስተን በ1877 የናሽናል ሊግ አሸናፊ የነበረ፣ ዝናው የተሰማ ቡድን ነው። ለተመረጡት ወርዋሪ ሆኖ የቆመው የ20 ዓመቱ ፋውለር ነበረ፤ የቦስተን ወርዋሪ ደግሞ ቶሚ ቦንድ፣ በዚያ ዘመን ከሚፈሩት አንዱ ነው። ተመልካቹ ማን ያሸንፋል ብሎ እንደ ጠበቀ መገመት አያስቸግርም። ሆኖም የፋውለር ወገን 2 ለ 1 አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ላይቭ ኦክስ የሚባለው የሊን ቡድን አስገባው፤ በነጮች የደመወዝተኞች ሊግ ውስጥ በመጫወት የታወቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በሊን የቆየው ግን ለጥቂት ግጥሚያ ብቻ ነው።

ስሙን ለምን እንደ ለወጠ የተጻፈ ነገር የለም። ባድ የተባለው ግን ሰውን ሁሉ በዚህ የወዳጅነት ስም ይጠራ ስለ ነበረ ነው ይባላል፤ በአሜሪካኖች ቋንቋ ወንድሜ፣ ጓዴ እንደ ማለት ነው። በየከተማው ከማያውቀው ሰው መካከል የሚገባ ሰው እንዲህ ያለ አጠራር ቢለምድ አይደንቅም።

በ1881 ከካናዳ ጉኤልፍ ከምትባል ከተማ ጥሪ መጣለት። እዚያ ሲደርስ ግን የቡድኑ ተጫዋቾች ከጥቁር ጋራ አንጫወትም ስላሉ ሳይሰለፍ ቀረ። በ1884 በሚኒሶታ ግዛት ለስቲልወተር ቡድን ወረወረ፣ ቀለበ፣ መታ፤ ያ ቡድን ደካማ ነበረና የተቸገሩበትን ቦታ ሁሉ እርሱ ይሞላ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1885፣ በአዮዋ ግዛት ኪዮከክ ከተማ ገባ። ሁለተኛው ማረፊያም ከዚህ ወዲህ እውነተኛ ቦታው ሆነ።

የኪዮከክ ቡድን በዚያ ዓመት የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። ነጮቹ ጓደኞቹ በፊቱና በግራ በቀኙ ናቸው፤ ፋውለር በኋለኛው ረድፍ መካከል ቆሟል። ይህን ሥዕል ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። አንድ ሰው ምንም ሳያውቅ ቢያየው ሰላም ያለበት ቡድን ነው ይላል፤ ምናልባትም በዚያን ቀን ሰላም ነበረ። የከተማው ሰዎችም ወደውት ነበር። ስፖርቲንግ ላይፍ የተባለው ጋዜጣ በዚያው ዓመት ስለ እርሱ ሲጽፍ፣ በአገሩ ካሉት ሁለገብ ተጫዋቾች ከምርጦቹ አንዱ እንደ ሆነና ፊቱ ነጭ ቢሆን ኖሮ ከታላላቆቹ ጋራ ይሰለፍ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ መሰከረ። ጋዜጣው ይህን የጻፈው እንደ ነቀፋ ሳይሆን ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ እንደሚነገር ያለ ነገር አድርጎ ነው፤ እኔን ያስቆጣኝ ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፋውለር ከየከተማው የወጣው ሁልጊዜ ስለ ቆዳው ብቻ አይደለም። ትናንሾቹ ሊጎች ገንዘብ እያጡ በየክረምቱ ይፈርሱ ነበር፤ ኪዮከክ የነበረበትም ሊግ በ1885 አጋማሽ ፈረሰ። ነጭ ተጫዋችም እንዲህ ሲሆን ሥራ ያጣል። ነገር ግን ነጩ በማግስቱ ሌላ ቡድን ሲጠራው ፋውለር ጥቁር የሚቀበል ከተማ እስኪገኝ ድረስ መፈለግ ነበረበት፤ እስኪያገኝም ድረስ ጠጉር ይቆርጥ ነበር። ከኪዮከክ በኋላ ወደ ኮሎራዶ ሄደ። በ1886 በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ተጫውቶ፣ በአንድ ምት እስከ ሦስተኛው ማረፊያ በመድረስ ከሊጉ ሁሉ በለጠ። እንዲህ ያለ ምት ከጉልበት ይልቅ የእግር ፍጥነትና ድፍረት ይጠይቃል።

አሁን ወደ 1887 ደረስን። በዚያ ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት ያለው የቢንግሃምተን ቡድን ፋውለርን አስፈረመው። ቡድኑ ያለበት ኢንተርናሽናል ሊግ የአሜሪካንና የካናዳን ከተሞች የሚያገናኝ፣ ከትልልቆቹ ሊጎች በታች ከሁሉ የተከበረ ነበረ። በዚያው ሊግ ሌሎችም ጥቁሮች ነበሩ፤ በቡፋሎ ሁለተኛውን ማረፊያ የሚጠብቀው ፍራንክ ግራንት፣ በኒውአርክ ወርዋሪው ጆርጅ ስቶቪና ቀላቢው ፍሊትውድ ዎከር ይገኙባቸዋል። ዎከር በ1884 ለቶሌዶ በትልቅ ሊግ የተጫወተ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ የጸደይ ወራት በሩ ሊከፈት የተቃረበ ይመስል ነበር።

ፋውለር በቢንግሃምተን 34 ግጥሚያ ተጫወተ። ዱላ ይዞ ከቆመበት ከመቶው 35 ጊዜ ያህል ኳሱን በሚገባ መትቶ ማረፊያ ደረሰ፤ የጨዋታው ዐዋቂዎች ከመቶ 30 ለሚያገኝ ሰው እጃቸውን ያጨበጭባሉ። ወርዋሪው ሳያስበው ሮጦ ማረፊያ በመስረቅም 23 ጊዜ ተሳካለት። እንግዲህ በሥራው ምን ይወጣለታል? ነገር ግን ከገዛ ጓደኞቹ ዘጠኙ ለክለቡ ሹማምንት ቴሌግራም ላኩ፤ ፋውለርና ሬንፍሮ የተባለው ሌላው ጥቁር ተጫዋች ካልተሰናበቱ አንሰለፍም የሚል ነበረ። እነዚህ ተቃራኒዎቹ አልነበሩም፤ በአንድ ባቡር የሚሳፈሩ፣ በመታው ኳስ ነጥብ ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ሹማምንቱም ከዘጠኝና ከሁለት መካከል ዘጠኝን መረጡ። ፋውለር በበጋው አጋማሽ ተለቀቀ፤ በዚያው ሊግ ለሌላ ቡድን እንዳይፈርምም ግዴታ ገባ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ስለ ዘጠኙ ሲሰሙ ተቆጡ። እኔ ግን የሹማምንቱን ነገር አስበልጣለሁ፤ ዘጠኙ ጥላቻ ነበራቸው፣ ሹማምንቱ ግን ፋውለር ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው እያወቁ ነው የለቀቁት።

ጁላይ 14 ቀን የሊጉ ሹማምንት በቡፋሎ ተሰብስበው ከእንግዲህ ወዲህ ከጥቁር ተጫዋች ጋራ የሚደረግ ውል እንዳይጸድቅ ወሰኑ። በዚያው ዕለት በኒውአርክ የቺካጎ ቡድን መሪ ካፕ አንሰን ጥቁሮቹ ከተሰለፉ አልገጥምም በማለቱ ስቶቪና ዎከር ከሜዳ ውጭ ቆዩ። በዚህ ዓይነት በአንድ ቀን ሁለት በር ተዘጋ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማረፊያ እንመለስ። በ1889 በዚያ ሊግ የተጫወተ አንድ ነጭ ለጋዜጣ እንደ ተናገረው፣ ፋውለር በማረፊያው ላይ ሲቆም ከጉልበቱ በታች በእንጨት መከላከያ ይሸፍን ነበር። ምክንያቱም ወደ እርሱ የሚሮጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም በጫማቸው ብረት ሊወጉት እንደሚፈልጉ ያውቅ ነበርና ነው። ስለ ፍራንክ ግራንትም ተመሳሳይ ነገር ተነግሯል። እኔ በክፍላችን ቡድን ተከላካይ ሆኜ ስጫወት ቅልጥሜን አንድ ጊዜ ተመትቼ ሁለት ሳምንት አንክሻለሁ፤ የመታኝም ልጅ ሳያስበው ነበር፣ ይቅርታም ጠይቆኛል። ዓይኑን ወደ ኳሱ አንሥቶ እግሩ ሆን ተብሎ እንደሚወጋ እያወቀ ሳይሸሽ በየቀኑ የሚቆም ሰው ምን እንደሚሰማው ለማሰብ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ቢሸሽ ሯጩ ያልፋል፣ ሯጩ ካለፈ ደግሞ ጥቁሩ ሰው ሥራውን አያውቅም ይባላል።

ከቢንግሃምተን በኋላ ያሉት ዓመቶች የከተሞች ስም ዝርዝር ናቸው። ቨርሞንት፣ ኢንዲያና፣ በ1888 በስተ ምዕራብ እስከ ሳንታ ፌ፣ በ1889 በሚቺጋን ግሪንቪል፣ ቀጥሎ ኢሊኖይ፣ በ1892 ነብራስካ። እዚህ ላይ አልዘገይም፤ በሁሉም ይመታል፣ ይቀልባል፣ ይሄዳል። አሥር የውድድር ዓመት በነጮች ሊጎች ውስጥ ተጫውቷል፤ በዚያ መቶ ዓመት ይህን ያህል የቆየ ሌላ ጥቁር አልነበረም።

ፋውለር ግን ዝም ብሎ የሚገፋ ሰው ብቻ አልነበረም። አንደበቱ የተባ፣ ራሱን ማስተዋወቅ የሚወድ፣ ለጋዜጠኞች ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበረ፤ አንዳንዱንም ሳያሳድግ አይቀርም። ነጮቹ ካልፈለጉን የራሳችንን ቡድን እናቁም የሚል አሳብ ይዞ ግራንት ጆንሰን ከተባለው ወጣት ተጫዋች ጋራ ተነሣ። በሚቺጋን ግዛት አድሪያን ከተማ የሽቦ አጥር የሚሠራ ኩባንያ ነበረ፤ ኩባንያውም ለማስታወቂያ ብሎ ወጪውን ቻለ። ቡድኑ በኩባንያው ስም ፔጅ ፌንስ ጃይንትስ ተባለ፤ ጃይንትስ ማለት ግዙፋን ማለት ነው። በ1895 ጨዋታ ጀመሩ። የሚተኙበትና የሚበሉበት የራሳቸው የባቡር ፉርጎ ተሠራላቸው፤ ጥቁሮችን የማያሳድር ሆቴል ብዙ ስለ ነበረ ይህ ፉርጎ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከተማ ሲደርሱ ከፉርጎው ቢስክሌታቸውን አውርደው በዋናው መንገድ ላይ እየነዱ ሕዝቡን ወደ ሜዳ ይጠሩ ነበር። ልጆች ከኋላ ተከትለው ሲሮጡ ይታየኛል። በዚያ አንድ ዓመት 118 ጊዜ አሸንፈው 36 ጊዜ ብቻ ተሸነፉ።

ሊገባኝ ያስቸገረኝ ነገር ቢኖር ቀጥሎ ያለው ነው። ፋውለር ይህን ያህል ደክሞ ያቋቋመውን ቡድን በዚያው በ1895 ዓመቱ ሳያልቅ ተወ፤ በሚቺጋን ሊግ ውስጥ ለአድሪያንና ለላንሲንግ የነጮች ቡድን ገብቶ ተጫወተ። ዕድሜው 37 ነበረ። የራሱን ቤት ሠርቶ ሳለ ያባረሩትን ሰዎች በር እንደ ገና ማንኳኳቱ ለምንድን ነው? አንዳንዱ ገንዘብ ነው ይላል። እኔ ግን መጫወት የፈለገው ከሁሉም ጋራ፣ ማንም ሳይመረጥ በሚሰለፍበት ሜዳ ላይ ይመስለኛል። ያ ዓመት በነጮች ሊግ የተጫወተበት የመጨረሻው ሆነ።

በ1899 ብላክ ቱሪስትስ የሚባል ተጓዥ ቡድን አቋቋመ። ተመልካች ከወደደ በሙሉ ልብስና በሐር ባርኔጣ እንደሚጫወቱ ያስታውቅ ነበር። ይህ ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን በ34 ግጥሚያ ያን ያህል የመታ ሰው ትኬት ለመሸጥ ባርኔጣ ማድረግ እንዳስፈለገው ማሰብ ያሳዝናል። ከዚያ በኋላ ጥቁሮች የራሳቸው ሊግ እንዲኖራቸው ያቀደው ሁሉ በገንዘብ እጦት ሳይፈጸም ቀረ። ጤናውም ደከመ። በኒው ዮርክ ግዛት ፍራንክፈርት በምትባል ከተማ በእኅቱ ቤት ተጠግቶ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1913 ሞተ። ሃምሳ አምስተኛ ዓመቱን ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያን ያህል አገር የዞረ ሰው የሞተው ከተወለደበት ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። ድኻ ስለ ነበረ በመቃብሩ ላይ ድንጋይ አልቆመለትም።

አፕሪል 18 ቀን 1946 ጃኪ ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ተጫዋች የካናዳዋን የሞንትሪያልን ልብስ ለብሶ በጀርሲ ሲቲ ሜዳ ወጣ። የተጫወተበት ሊግ ኢንተርናሽናል ሊግ፣ ቦታውም ሁለተኛው ማረፊያ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ሮቢንሰን ለብሩክሊን በትልቁ ሊግ ሲሰለፍ ዓለም ሁሉ ሰማ፤ ከቢንግሃምተን ቴሌግራም ስድሳ ዓመት ማለፉን ግን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በ1987 የቤዝቦልን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ማኅበር በፍራንክፈርት መቃብሩ ላይ ድንጋይ አቆመለት። በ2013 ኩፐርስታውን ወደ ኳስ ሜዳዋ ለሚወስደው መንገድ የፋውለርን ስም ሰጠች። በዲሴምበር 2021 ለክብር አዳራሹ ተመረጠ፤ ጁላይ 24 ቀን 2022 በሥነ ሥርዓት ስሙ ገባ። ከሞተ 109 ዓመት ሆኖት ነበር። ሜዳው ያልፈጠረውን ጨዋታ ፈጠረ በተባለው ሰው ስም ዛሬም ደብልዴይ ሜዳ ይባላል፤ ወደ እርሱ የሚገባ ሰው ግን በፋውለር መንገድ አልፎ ነው የሚሄደው።